በዘፈኑ መሀል የጮህኩት

ሰኔ 12

ዛሬ አንሶላ የሚተኩሰው ትልቁ ማሽን እጄን ላጠው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ስዘፍን ልቤ ደምቢያ ሄዶ እጄ እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ቢያሊክ ቀረ፤ ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው እጅን ብቻ ነው።

እኔና ታይቱ እንደ ወትሮው፣ አረጋውያኑ ከሚጦሩበት ቤት ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አንሶላ እናጥፋለን። ማድረቂያዎቹ ይደልቃሉ። እነሱ ሲደልቁ እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ የአገሬን ዜማ አወጣና ግጥሙን እዚያው እገጥማለሁ።

የሰውን እናት አንሶላ ሳጥብ ውዬ ሳጥፍ፣
የኔዋ እናት ጎንደር ከደረቅ ምንጣፍ።

የልብስ ከረጢት የሚያመላልሰው ሹፌር ኢታማር ስልኩን ደቅኖ ይቀዳኛል። ልጁ በየድግሱ ሙዚቃ የሚያጫውት ነው፤ የማድረቂያውን ድምፅ ሳይቀር ይቀዳል። ልቅዳሽ ሲለኝ ቅዳ ብዬዋለሁ። ምን አጠፋለሁ ብዬ። ስንኙን ስደግም ብረቱ እጄን ያዘውና ከሆዴ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ ታይቱ ሰምታለች። ቅባት እየቀባችኝ፣ ሳልጠይቃት፣ «ምንም አልሰማሁም» አለችኝ።

ሰኔ 15

ኢታማር ለቃጠሎዬ አዝኖ ቸኮሌት ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካው። አንድ ጊታር፣ እንደ በቅሎ ሶምሶማ የሚሄድ። ካንትሪ ይባላል አለኝ፣ የአሜሪካ ባላገሮች ሙዚቃ።

«እኔም ባላገር ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። ከሥሩ ቴክኖ የሚሉትን ድብደባ አስገብቶበታል፤ ድብደባው ያው የኛው ማድረቂያ ነው። ከላይ እኔ እዘፍናለሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። እናቴ ብትሰማው ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ጊታሩም ድብደባውም ጸጥ አለና ብቻዬን ጮህኩ። «ድንግል ድረሽ!» ወዲያው ድብደባው እንደ ናዳ ወረደ። ደግሞ ጸጥ። ደግሞ «ድንግል ድረሽ!» ደጋግሞ ደጋግሞ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለኝ። «እንደዚህ ያለ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም።»

«በርታ ማለት ነው። ሥራ ሲከብድ የሚባል።»

ውሸቱ እንዴት ፈጥኖ እንደመጣልኝ ራሴን ገረመኝ።

እስቲ ለራሴ በቀጥታ ልጻፈው። አያቴ ቤተ እስራኤል ተወልዶ ክርስቲያን ሆኖ ሞተ። እኔ ክርስቲያን ተወልጄ፣ ልጄን ሊቶርን አዝዬ እዚህ አገር ስገባ፣ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ውሃ ገብቼ ወደ አያቴ ሃይማኖት ተመለስኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። አርብ ማታ ሻማ ስለኩስ ከልቤ ነው። እጅ ሲቃጠል የሚወጣው ግን የምላስ ነገር ነው። ልብ ተማረች፣ ምላስ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሌላ ነገር የለበትም።

ሰኔ 21

ቸኩያለሁ። ሳይነጋ ተነስቼ ዳቦ ደፋሁ። ሊቶር «ኢማ፣ የማን ልደት ነው?» አለች። ሲያሰኘኝ ነዋ አልኳት። ለታይቱም ቆርሼ ወሰድኩላት። ምንም ሳትጠይቀኝ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ሰኔ 25

ኔቬ ዮሴፍ ሠፈር ወጣሁ፣ አባ ማለደ ዘንድ። ደረጃው ጉልበት ይበላል።

አባ ማለደ ከኛ ብዙ ቀድመው የመጡ፣ የጎንደርን ዘር ከነቅርንጫፉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እኔ የገባሁት በሟቹ ባሌ ዘር ነው፤ እናቴ ወሰንየለሽ ግን ጎንደር ተቀምጣ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ የማን ልጅ እንደነበር እዚህ የመግቢያ ፈቃድ ቢሮ ቀርቦ የሚመሰክርላት ሰው። አያቴን በዓይኑ አይቶ በሕይወት ያለ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስንት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። ዛሬ እሺ አሉኝ።

«አያትሽን አውቀዋለሁ። ሸማኔ ነበር» አሉ። «ሃይማኖቱን የለቀቀ ቀን አባቴ ለቅሶ ተቀመጠለት፣ እንደ ሞተ ሰው።»

ምን ይባላል።

«የልጅ ልጄ የኦዲያ ሠርግ ይለፍና እሄድልሻለሁ። አንድ ነገር ግን እወቂ። እኔ ምላሴን የማውሰው ለእውነት ብቻ ነው። ቢሮው የሚያምነኝም ለዚህ ነው። እናትሽ ወደ አባቷ ሃይማኖት ልትመለስ ነው የምትመጣው?»

«አዎ አባባ።»

«አንቺስ ተመልሰሻል?»

«ተመልሻለሁ።»

«ቤሰደር» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው፤ ይቺ የዕብራይስጥ ቃል እሳቸው አፍ ላይ ስትሆን ታስቀኛለች። ዛሬ ግን አልሳቅሁም።

ለታይቱ ስነግራት አቀፈችኝ። የሷም ወንድም እዚያው ጎንደር ነው፤ የእሱንም ቤተሰብ የሚያውቁት አባ ማለደ ናቸው። እሷ ግን ሰው ፊት ቆማ መለመን ያርዳታል። «ያንቺ ይሳካና ለኔም ትጠይቂልኛለሽ» አለችኝ። ማልኩላት። በማን እንደማልኩ አልጽፍም።

ሐምሌ 3

ወጣ። ዘፈኑ ወጣ። ሊቶር ስልኳን ይዛ ከመኝታ ክፍሏ እየዘለለች መጣች፤ ዓይኗ እንባ አዝሏል። «ኢማ፣ አንቺ ነሽ! ሁሉም ልኮልኛል፣ ክፍሌ ያሉት በሙሉ።» የጊታሩ ሥዕል አለ፣ የአንሶላ ክምር አለ፣ ከሥሩ በትልቁ ስሜ፤ እናኑ።

ልጄ በኔ ስትኮራ አይቼ አላውቅም። ወላጆች ሲጠሩ ትምህርት ቤቷ ስሄድ እንኳ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ነው የምትሄደው። ዛሬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ከዚያ ሳሎኑ መሀል ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጸጥታውን ጠበቀችና «ድንግል ድረሽ!» ብላ ዘለለች።

«ምን ማለት ነው ግን?»

«በርታ ማለት ነው።»

አሁን ውሸቱ ቤቴ ገባ፤ እራት አብሮን በላ።

ሐምሌ 6

ኢታማርን አጥፋልኝ አልኩት። አልገባውም።

«ለምን? ሰው ወዶታል።»

«አፍሬ ነው።»

«በምንሽ? ድምፅሽ ግሩም ነው። ደግሞ አሁን በየቦታው አለ፣ ከሁሉም ስልክ ማን ያወጣዋል?» ከዚያ ደስ የሚለኝ መስሎት አከለበት። «ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ሐቱና ይዣለሁ፣ የናንተ ሰዎች ናቸው። ሙሽራዋ ያንቺን ዘፈን ማጫወት እንዳትረሳ ብላኛለች። ኦዲያ ነው ስሟ፤ ታውቂያታለሽ?»

የአባ ማለደ የልጅ ልጅ። አውቃታለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሐምሌ 9

አውቶቡስ ውስጥ፣ ከክርያት ሞጽኪን ስመለስ። ከኋላ ወታደር ልጆች ስልካቸውን ከፍተው ዘፈኑን ያጫውታሉ፣ ጩኸቷ ላይ ሲደርሱ አብረው ይጮሃሉ። አንድ ሻሽ ያሰረች የኛ አገር ሴት አጠገቧ ላለችው «ይቺን ዘፋኝ ማን አስተማራት? ይቺ ቃል እኮ የኛ አይደለችም» አለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሠፈሬ ከመድረሴ በፊት ወረድኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን ታውቋል፤ ከተማው ሁሉ እያወቀው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። እነዚህ ሳምንታት ቤተ መቅደሱ ለመፍረሱ ሐዘን የምንቀመጥባቸው ናቸው፤ አባ ማለደ ሙዚቃ በጆሯቸው አያስገቡም።

ሐምሌ 14

እናቴ ደወለች። ሰምታዋለች። የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሰምቷታል፣ ሰው ሰብስባ ደጋግማ አስከፍታዋለች።

«አልረሳሻትም» አለችኝ። ታለቅሳለች። «እዚያ ሄዳ ረሳቻት ብዬ ስንት ሌሊት አዘንኩ። አልረሳሻትም ልጄ።»

«እማዬ፣ እጄ ተቃጥሎ ነው።»

«ታዲያ ሲቃጠል አይደል የሚጠሩት?»

ተቆጣኋት። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉሽ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ ይውጣና ውርድ ከራሴ አልኳት። «እኔ ምን አልኩ? በድንግል፣ ምን አልኩ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ስልኩን ዘግቼ ግን ሳቁ አልቆየም።

ዓይኗ እየደከመ ነው። ስታወራኝ ስልኩን ወደ ግድግዳው ነው የምታዞረው፤ ፊቷን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የማየው። ሳላገኛት ብትሞትብኝስ።

ሐምሌ 20

የቤተ መቅደሱ መፍረስ ጾም። ውሃም አልቀመስኩ። አባ ማለደ ምኩራብ ውስጥ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ደስ አለኝ፣ እንደ ተመሰገነ ተማሪ።

ከነገ ጀምሮ ሙዚቃ ተፈቀደ።

ሐምሌ 25

ኢታማርን መኪናው ጋ ያዝኩት። ለሠርጉ ብቻ ያቺን ጩኸት ቆርጠህ አውጣት አልኩት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ምንድን ናት?»

«ሽማግሌዎች ፊት የማትባል ነገር ናት።»

«ስድብ?»

«አዎ፣ ስድብ» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሷን ስድብ አልኳት።

እየሳቀ «ቤሰደር እናኑ፣ ቆርጬ አወጣታለሁ። በቦታው ዝም ይላል» አለኝ። ደረቴን በመዳፉ መታ፤ ቃሉ ነው ማለቱ ነው። ዛሬ ከሰነበትኩበት የተሻለ እተኛለሁ።

ነሐሴ 1

ሆዴን አሞኛል። ሥጋ አልፈልግም፣ ወተት የነካውንም ሁሉ ትቻለሁ። ሊቶር ሐኪም ጋ እንሂድ አለች። ሐኪም አያስፈልገውም፣ ወሩ ሲጋመስ ይለቀኛል።

ታይቱንም አሟታል።

ነሐሴ 12

ሠርጉ ትናንት ነበር። ሊቶር አሁን ተኝታለች። ሳልተኛ ልጻፈው።

አዳራሹ እንደ ቀን አብርቷል። አባ ማለደ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ «ነይ እዚህ» ብለው ጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለሰው ሁሉ «ይቺ የሸማኔው የልጅ ልጅ ናት» ይላሉ። ይሄንን ያህል አክብሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የራሴ ቤተሰብ መካከል የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አስተናጋጁ የበግ ሥጋ አመጣ። ሰላጣና ዳቦ ወሰድኩ።

«ሥጋውን አትበዪም?» አሉኝ።

«ሆዴን ትንሽ አሞኛል አባባ።»

ሳህኔን አዩ፣ ፊቴን አዩ። «ይማርሽ» አሉ።

ከዚያ ጊታሩ ተነሳ። ወጣቱ ሁሉ ወደ መሀል ጎረፈ፣ ኦዲያ ቬሏን ሰብስባ ይዛ ከፊት። ማድረቂያው መደለቅ ጀመረ። ድምፄ መጣ፤ አባ ማለደ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ብለው ፈገግ አሉ። ስንኙን አደመጡት። «እናትሽን ነው» አሉና ዓይናቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረጉ። ኢታማርን በሩቁ አየሁት፤ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሙዚቃው ቀጥ አለ፤ ጩኸት የለም፣ ባዶ ጸጥታ። እፎይ ልል አፌን ከፈትኩ።

አዳራሹ በሙሉ «ድንግል ድረሽ!» አለ።

ለካ ሁሉም ያውቃታል። ኢታማር ቢቆርጣት እነሱ በአፋቸው ሞሏት። ቦታው ባዶ ሲሆንላቸው ይባስ ጮሁ። እስራኤል የተወለዱ ልጆች፣ አማርኛ የማይሰሙ፣ ሙሽራዋ ራሷ፣ ጣራውን እያዩ እመቤታችንን ጠሩ። ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ የሊቶር ድምፅ ነበር። ወደ እኔ እያየች፣ በኔ እየኮራች ትጮሃለች። ሙዚቃው ደጋግሞ ዝም ሲል እነሱም ደጋግመው ይጠራሉ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ከሳህናቸው አነሱ። አባ ማለደ ወጣቶቹን አላዩም። ሳህኔን ነበር የሚያዩት። ያልነካሁትን ሥጋ አይተው፣ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር እንደሚቆጥር ሰው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው ውጭ ወጡ።

ምነው ያን ቀን አብሮ ምላሴን በላጠው።

ነሐሴ 14

አልደወሉም። እኔም አልደወልኩ። ወደ ኔቬ ዮሴፍ የሚወጣው አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ፊቴ ቆሞ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም። ምን ብዬ ልግባ። አልተመለስኩም ብል ውሸት ነው። ተመልሻለሁ ብል ግማሹ ውሸት ነው።

እናቴ ደወለች፣ አላነሳሁም።

ነሐሴ 16

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አባ ማለደ ናቸው። ቤቴ መጥተው አያውቁም። ድስቱ ምድጃ ላይ ነው፣ የበግ ወጥ ይንተከተካል፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዷል።

«ሆድሽ ዳነ?» አሉኝ።

«ዳነልኝ አባባ።»

«ዛሬ ይድናል ብዬ ነበር» አሉና ተቀመጡ። «ጎንደር አይደለሁ ያደግሁት? ጾማችሁ ሲያዝና ሲፈታ ከጎረቤት ድስት እናውቀው ነበር።»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። «አባባ፣ አፌ ነው። ልማድ ነው። እጄ ተቃጥሎ ነው።»

«አፍሽስ ይሁን። ሆድሽስ?»

እስከ ዛሬ ለዚህ ደብተርም መልስ አልሰጠሁም። አለቀስኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ውሃ ስጪኝ አሉ። ጠጥተው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ።

«እናቴ እኔን ስታምጥ ምጧ ጠናባት አሉ። የክርስቲያኖቹ ሴቶች ሰምተው መጡ። የምጥ ጎጆዋ እንደማይነካ ያውቃሉ፤ ከውጭ ቆመው ማርያም ማርያም እያሉ ሲለምኑላት አደሩ። እናቴ ይሄንን ስታወራ አትቆጣም ነበር። አባቴ ነበር የሚቆጣው።» ብርጭቆውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ለልጅሽ ያቺ ቃል ምን ማለት ናት አልሻት?»

«በርታ ማለት ናት።»

«በርታ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ተነሱ። «ነገ ጠዋት ተዘጋጂ። ቢሮው አብረን እንወርዳለን።»

ወጡን አቅርቤላቸው አልበሉም። ነገ ሊመሰክሩልኝ ይሁን ሊመሰክሩብኝ አላውቅም። ሊቶር ጥሩ ሰው ናቸው አለች።

ነሐሴ 17

ሄድን።

የተቀበለችን ልጅ ሊታል ትባላለች፤ ከኛው ወገን ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ የማትሰማ። አባ ማለደ ቆመው መሰከሩ፤ ተቀመጡ ብትላቸውም እምቢ አሉ። የአያቴን አባት፣ የአባቱን አባት፣ የተቀበሩበትን ኮረብታ ስም እየጠሩ ተናገሩ። ሁሉም እውነት ነበር። ልጅቷ ስትጽፍ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ፣ አንቺ የዘፈኑ እናኑ ነሽ?»

ሳልመልስላት ዓይኗ በራ። ወንበሯ ላይ ሆና በቀስታ፣ በሳቅ፣ «ድንግል ድረሽ» አለች። «ስሠራ ውዬ ከአፌ አትወጣም። ምን ማለት ናት?»

የጠየቀችው እኔን ነው። ስንት ጊዜ ያልኳት ውሸት እሳቸው ፊት አልወጣ አለችኝ። ልጅቷም መልስ ስታጣ ወደ አባ ማለደ ዞረች፤ እሳቸውን ማን ይጠራጠራል።

አባ ማለደ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በዕብራይስጥ፣ ረጋ ብለው፣ «በርታ ማለት ናት። ሥራ ሲከብድ የሚባል ነው» አሏት።

ፈረሙ። ወጣን።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ አልተቀመጡም። ኔቬ ዮሴፍ ሊወርዱ ሲሉ መጥተው ጎኔ ቆሙ። አመሰግናለሁ ልል ስል እጃቸውን አነሱ።

«እናትሽ ትምጣ። ስትመጣ ከነአፏ ትምጣ፣ እኔ አልፈርድባትም። ግን ከእንግዲህ ለማንም አልመሰክርም፤ እዚያ ቢሮ ተመልሼ አልገባም። ያዋስኩሽ ምላስ አንድ ነበረች።»

በሩ ተከፈተ፣ ወረዱ። ጀርባቸውን ሳይ ደረጃውን ጀምረዋል።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እልል አለች። ያንኑ የምትጠራውን ስም ጠራች። አልተቆጣኋትም።

ነሐሴ 18

ሥራ። ታይቱ ቀድማኝ ገብታ ማሽኑን አሙቃለች። «አንቺ እጅሽን አሳርፊ፣ ዛሬ ብረቱን እኔ እይዛለሁ» አለችኝ። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም፤ ፊቴን አይታ እንደተሳካልኝ ገብቷታል፣ ጉንጬን ሳመችኝ። ማድረቂያዎቹ መደለቅ ጀመሩ። አልዘፈንኩም።

ትልቁን አንሶላ አወጣን። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ያዝን። ወጠርነው፣ አራገፍነው፣ አንዴ አጠፍነውና ጫፍ ለጫፍ ለማገናኘት ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ስለ ወንድሜ ነገርሻቸው?»

ጫፉን ከእጇ ተቀበልኩ። «ጥሩ ሰው ናቸው» አልኳትና ሁለተኛውን አንሶላ አነሳሁ።